ምዕራፍ ሰባት፦ ማገሩ ይቆማል

ባለፈው ምዕራፍ ቀጭን መርፌ በቆዳ አልፎ ጉበት ውስጥ ካለ ዕጢ መካከል ሲገባ፣ ጫፉ ሲግልና ዕጢውን አብስሎ ሲገድለው አይተናል። በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ሆዱ ሳይከፈት ታክሟል። ከ3 ሴንቲ ሜትር ላነሰና ቦታው ለተመቸ ዕጢ ዛሬም ቢሆን የሚመረጠው እሱ ነው። ምዕራፉን የዘጋነው ግን አንድ ጥያቄ አንጠልጥለን ነበር። ዕጢው የበቀለው ሐኪሞች የጉበት በር በሚሉት ስፍራ ቢሆንስ? ደም ወደ ጉበት የሚያስገቡት ትልልቅ ሥሮችና ሐሞት የሚያወጣው ቱቦ ጎን ለጎን ተጣብቀው የሚያልፉበት ያ ጠባብ ቦታ ላይ ቢሆንስ?

እንዲህ ላለው ሕመምተኛ የሚሰጠው መልስ ለብዙ ዓመታት አንድ ነበር፦ «ቦታው አይመችም።» ዕጢው ትንሽ ነው፤ ሕመምተኛው አቅም አለው፤ መሣሪያውም እዚያው ሆስፒታል ውስጥ አለ። በቦታ ምክንያት ብቻ መከልከል ግን ከሁሉ ይከፋል። ይህ ምዕራፍ ያን መልስ ለመለወጥ ስለሚደረገው ጥረት፣ ማለትም ዕጢን ሳያቃጥሉ ስለ መግደል ነው። ከታሪኩ ብዙው የተፈጸመው ጣሊያን ውስጥ ነው፤ እኛም የምንቆየው በአብዛኛው ሮም ላይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እሳት የማይለየው ነገር

የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ጉበትን ለመረዳት አይቸገርም። መጀመሪያ ቋሚው ይተከላል፤ በቋሚው ላይ ማገር ይማገራል፤ ከዚያ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ለዓይን የሚታየው ጭቃው ነው። ቤቱን ያቆመው ግን ቋሚና ማገሩ ነው። ጉበትም እንዲሁ ነው። በምዕራፍ 2 ያየናቸው፣ ስኳር የሚያከማቹት፣ መርዝ የሚያረክሱትና ሐሞት የሚያመነጩት ሕዋሳት ምርጊቱ ናቸው። እነሱን ደግፎ የያዘው ደግሞ ኮላጅን የሚባል ጠንካራ የፕሮቲን ክር ነው። የደም ሥሮቹና የሐሞት ቱቦዎቹ ግድግዳም የሚጠነክረው በዚሁ ክር ነው። ጭቃው ቢረግፍ፣ ማገሩ እስካለ ድረስ ተመልሶ ይመረጋል። ጉበት ደግሞ የሞተበትን ሕዋስ በመተካት ከአካል ክፍሎች ሁሉ የታወቀ ነው። ማገሩ ከተቃጠለ ግን የሚመረግበት ነገር አይኖርም።

ሙቀት ጭቃውን ከማገሩ አይለይም። ሥጋ 60 ዲግሪ ሲደርስ ፕሮቲኑ ወዲያው ይረጋል፤ የዕጢውም፣ የጤናማው ሕዋስም፣ የኮላጅኑም ዕጣ አንድ ነው። የሐሞት ቱቦ ግድግዳ ከተቃጠለ ጠባሳ ይይዛል፤ ይጠባል፤ ሐሞቱ መውጫ ያጣል። ሕመምተኛው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ የታጎረው ሐሞት ይመረቅዛል። ከዕጢው ተርፎ በዚህ የሚሞት ሰው አለ።

ሁለተኛው ችግር ተቃራኒው ነው። በትልቅ የደም ሥር ውስጥ 37 ዲግሪ የሆነ ደም ያለማቋረጥ ይፈሳል፤ የሥሩ ስፋት ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ደሙ በአጠገቡ ያለውን ሙቀት ጠርጎ ይወስዳል። ከሥሩ ጋር የተጣበቁት የካንሰር ሕዋሳት የሚገድላቸው ሙቀት ሳይደርሳቸው ይተርፋሉ፤ ከወራት በኋላ ዕጢው ከዚያው ይነሳል። እንግዲህ የጉበት በር ላይ እሳት ሁለት ጊዜ ይበድላል፦ መትረፍ ያለበትን ያቃጥላል፣ መሞት ያለበትን ይምራል።

አልኮል ቀድሞ ነበር

ያለ ሙቀት ዕጢ መግደል አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1980ዎቹ፣ ከሚላኖ አጠገብ ባለችው በቪሜርካቴ ከተማ ሆስፒታል፣ ቲቶ ሊቭራጊና ባልደረቦቻቸው በአልትራሳውንድ እየተመሩ ንጹሕ አልኮል በመርፌ ዕጢው ውስጥ ይወጉ ነበር፤ ጃፓኖችም በዚያው ዘመን ይህንኑ ጀምረዋል። አልኮል የሕዋሱን ውሃ ይመጥጣል፣ ፕሮቲኑን ያረጋል። ዋጋው ኢምንት ነው። ከጉበት ከራሱ የሚነሳ ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው በጠባሳ በጠነከረ ጉበት ውስጥ ነው። ዕጢው ለስላሳ፣ ዙሪያው ደረቅ ስለሆነ አልኮሉ እዚያው ታጥሮ ይቀራል። ከአንጀት ተነሥቶ ወደ ጉበት የተዛመተ ዕጢ ግን ተቃራኒው ነው፤ እሱ ራሱ ደረቅ፣ ዙሪያው ለስላሳ። አልኮሉ ዕጢውን ትቶ ወደ ጤናማው ጉበት ይሰርጋል። አልኮል የሚሄደው መንገዱ በቀለለት በኩል ነው፤ ሐኪሙ ሊያዘው አይችልም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፒያቼንዛ ሳንድሮ ሮሲ በሬዲዮ ሞገድ የሚግለውን መርፌ ጉበት ላይ ሲያስተዋውቁ አልኮል ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀረ። ጣሊያን ለዚህ ሕክምና ሁለት ጊዜ መነሻ ሆነች ማለት ነው፤ አንዴ በአልኮል፣ አንዴ በሙቀት። በረዶም ተሞክሯል። ዕጢው ከዜሮ በታች ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ግን የሚፈሰው ደም እዚህም ያስቸግራል፤ ቅዝቃዜውን ያሞቀዋል።

ሮምና ኤሌክትሪክ

እሳትም በረዶም ካልሆነ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከሮም ጋር ያለው ትውውቅም የቆየ ነው። በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ሮም ውስጥ ስክሪቦኒየስ ላርጉስ የሚባል ሐኪም ነበር። በ47 ዓ.ም. ገደማ ባጠናቀረው የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ፣ እግሩን ሪህ ያመመው ሰው በባሕር ዳር ርጥብ አሸዋ ላይ ቆሞ የሚያደነዝዝ ሕያው ዓሣ እንዲረግጥ ያዛል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ። ዓሣው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ የሚያውቅ ሰው ያኔ አልነበረም። ይህን ለመረዳት ከ1,700 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሉዊጂ ጋልቫኒ ቦሎኛ ውስጥ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲፈራገጥ አይቶ በ1791 አሳተመ፤ ሕይወት ያለው ሥጋና ኤሌክትሪክ እንደሚነጋገሩ ዓለም ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ሮምና ኤሌክትሪክ ሲነሡ ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው ግን ሌላ ታሪክ ይሆናል። በሚያዝያ 1938 ኡጎ ቼርሌቲና ሉቾ ቢኒ በሮም ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ጭንቅላት ኤሌክትሪክ አሳለፉ። ሐሳባቸው የተደገፈው በሮም ቄራ አሳማዎች ከመታረዳቸው በፊት በኤሌክትሪክ ሲደነዝዙ ቼርሌቲ ባዩት ነገር ነው። ይህን የማነሳው ልዩነቱ እንዲታይ ነው። ያ ኤሌክትሪክ የተፈለገው አንጎልን በሙሉ ለማንቀጥቀጥ ነበር። ዛሬ ለዕጢ የሚሰጠው ግን ዕጢው ላይ ከተተከሉ ሁለት መርፌዎች መካከል አይወጣም፤ ጉዳዩም ከሕዋስ ሽፋን ጋር ብቻ ነው።

አንድ ተኩል ቮልት

የዚህ ምዕራፍ ቁልፍ እዚህ ጋ ስለሆነ ዝግ ብለን እንሂድ። ማንኛውም ሕያው ሕዋስ በስስ የስብ ሽፋን የተከበበ ነው። ውፍረቱ 5 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ከሽፋኑ ውስጥም ውጭም ያለው ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሽፋኑ ግን ስብ ስለሆነ አያስተላልፍም። ስለዚህ ከውጭ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ጫናው ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ስስ ሽፋን ላይ ነው።

እናስላው። በሁለት መርፌዎች መካከል ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 1,000 ቮልት ቢሰጥ፣ ስፋቱ 20 የሚሊ ሜትር ሺሕኛ በሆነ የጉበት ሕዋስ ሽፋን ላይ የሚያርፈው 1.5 ቮልት ያህል ነው። ይህ በእጅ ባትሪ ውስጥ የምንከተው አንድ ድንጋይ ያለው ኃይል ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያረፈው 5 ናኖ ሜትር ላይ ነው። ለአንድ ሴንቲ ሜትር ቢሰላ 3 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። ሽፋኑ ይህን አይችልም። የስብ ቅንጣቶቹ ከሰልፋቸው ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ውሃ ይገባል፤ ሽፋኑ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሳሳል።

አሁን ወደ ጭቃ ቤቱ እንመለስ። ኮላጅን ክር ነው እንጂ ሕዋስ አይደለም፤ ሽፋን የለውም። ሽፋን የሌለው ነገር ደግሞ አይበሳም። የኤሌክትሪኩ ምት የሚያገኘው ምርጊቱን ብቻ ነው፤ ማገሩ ላይ የሚሠራበት ነገር የለም። እስካሁን ያየናቸው ዘዴዎች ሁሉ ሐኪሙ እንዲጠነቀቅ ይጠይቃሉ፤ እዚህ ግን ልዩነቱን የሚያደርገው የነገሩ ተፈጥሮ ነው። እኔ በዚህ መስክ ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ ነገር የለም።

«ሺሕ ቮልት እንዴት አያቃጥልም?» የሚል አንባቢ ትክክል ነው። መልሱ ጊዜው ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚሰጠው በአጫጭር ምት ነው። አንዱ ምት የሚቆየው 100 የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ስምንት ምት ቢሰጥ ተደምሮ አንድ ሺሕኛ ሰከንድ አይሞላም። 3,000 ቮልትና 20 አምፔር ቢሆን እንኳ የሚለቀቀው ጉልበት 48 ጁል ነው፤ 10 ግራም ሥጋን የሚያሞቀው በአንድ ዲግሪ ከምናምን ነው። ትኩሳት እንኳ አይባልም። ምቶቹ ሲበዙ ግን መርፌው ጥግ ላይ ያለው ሥጋ መሞቁ አይቀርም። «ያለ ሙቀት» የሚለው አነጋገር እውነትነቱ ከመርፌው ራቅ ሲባል ነው፤ ባለሙያዎቹም ይህን አይደብቁም።

የሚዘጋ ቀዳዳ፣ የማይዘጋ ቀዳዳ

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ምቱ መጠነኛ ከሆነ የተከፈተው ቀዳዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይደፈናል፣ ሕዋሱም ይተርፋል። ምቱ ከበረታና ከበዛ ግን ሽፋኑ አይመለስም፤ ሕዋሱ ይሞታል።

ሁለተኛውን መንገድ በ2005 በጽሑፍ ያቀረቡት ቦሪስ ሩቢንስኪ፣ ራፋኤል ዳቫሎስና ሉዊ ሚር ናቸው። በአብዛኛው 90 ገደማ ምት ይሰጣል፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 1,500 ቮልት። በአሳማ ጉበት ላይ ሲሞከር፣ ሕዋሳቱ በሞቱበት ቀጣና መካከል የደም ሥሮቹና የሐሞት ቱቦዎቹ ቅርጻቸውን ይዘው ተገኝተዋል። በአምስተርዳም የተደረገው ጥናት «ቀዝቃዛ እሳት» የሚል ስም ነበረው። ከአንጀት ወደ ጉበት የተዛመተ ካንሰር ያለባቸውንና ለቀዶ ሕክምናም ለሙቀትም ያልተመቹ 51 ሰዎችን አከመ። ከዓመት በኋላ 68 በመቶ ያህሉ ዕጢያቸው በታከመበት ቦታ አላገረሸም። አንድ ሦስተኛው ገደማ አገርሽቷል ማለትም ነው። ሁለቱንም እኩል መስማት ይገባል።

የመጀመሪያው መንገድ፣ የሚዘጋው ቀዳዳ፣ ረዳት ይፈልጋል። ረዳቱ ብሊዮማይሲን ይባላል፤ በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ የካንሰር መድኃኒት ነው። ሕዋስ ውስጥ ከገባ የዘር ሰንሰለቱን ይቆራርጣል። ችግሩ አለመግባቱ ነው፤ የስቡ ሽፋን አያሳልፈውም። በኤሌክትሪክ ምት በሩ ሲከፈትለት ግን በቤተ ሙከራ በአንዳንድ ሕዋሳት ላይ የመግደል ኃይሉ ከ1,000 እጥፍ በላይ ጨምሯል። ሉዊ ሚርና ባልደረቦቹ ፓሪስ አጠገብ ባለው የጉስታቭ ሩሲ ተቋም በሰው ላይ ያደረጉትን የመጀመሪያ ሙከራ በ1991 ይፋ አደረጉ። ዘዴው ኤሌክትሮኬሞቴራፒ ይባላል።

የሁለቱ ጥምረት ብልኃቱ እዚህ ላይ ነው። ብሊዮማይሲን የሚገድለው በዋነኛነት ለመከፋፈል የሚጣደፈውን ሕዋስ ነው፤ የካንሰር ሕዋስ ደግሞ ሥራው መከፋፈል ነው። አጠገቡ ያለው ጤናማ የጉበት ሕዋስ ቀዳዳ ቢከፈትበትም ይደፍናል፣ ይቀጥላል። ከማገሩ በተጨማሪ ከጭቃውም ደኅናው ይተርፋል።

ከሬጂና ኤሌና እስከ ጄሜሊ

ዘዴው ወደ ሮም የገባበት አንዱ በር የሰው ሆስፒታል አልነበረም። በከተማይቱ ደቡብ በኩል ባለው የሬጂና ኤሌና ብሔራዊ የካንሰር ተቋም፣ ኤንሪኮ ስፑኚኒ የሚባሉ የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በካንሰር የታመሙ የቤት ውሾችንና ድመቶችን በኤሌክትሮኬሞቴራፒ ያክሙ ነበር። እነዚህ ካንሰር በቤተ ሙከራ የተሰጣቸው አይጦች አይደሉም፤ ሰው እንደሚታመመው በዕድሜያቸው የታመሙ፣ ባለቤት ያላቸው እንስሳት ናቸው። እንዲህ ያለው ዕጢ የሰውን ይበልጥ ስለሚመስል የሚያስተምረው ትምህርትም የበለጠ ነው። ለታመመው ውሻም ሕክምና ነው፤ ማንም አልተበደለም።

ቆዳ ላይ ላለ ዕጢ የአሠራሩ ደንብ በ2006 ወጣ። ወደ ጉበት መግባቱ ግን ሌላ ፈተና ነበር። ረጅም መርፌ ያስፈልጋል፤ ከልብ አጠገብ ኤሌክትሪክ መስጠት ነው። መንገዱን ያሳዩት ከጣሊያን ድንበር ማዶ ያሉት የልዩብልያና ሐኪሞች ናቸው። በ2014 ይፋ ባደረጉት ጥናት ከአንጀት የተዛመተ ካንሰር ያለባቸውን 16 ሰዎች ሆዳቸውን ከፍተው አከሙ። ከ29ኙ ዕጢዎች ከተገመገሙት 85 በመቶው ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ትልልቅ ሥሮችን ተደግፈው የነበሩ ይገኙባቸዋል። በ2018 ደግሞ ከጉበት ከራሱ የተነሣ ካንሰር ባለባቸው 10 ሰዎች ላይ ተከተሉ።

ቀጣዩ ጥያቄ ሆድ ሳይከፈት፣ በቆዳ ላይ ብቻ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ነበር። እዚህ ላይ ነው ሮም እንደገና የምትገባው። በሰሜን ምዕራብ ሮም በኮረብታ ላይ የተቀመጠው፣ በ1964 የተከፈተው የአጎስቲኖ ጄሜሊ ሆስፒታል ለብዙ ሰው የሊቃነ ጳጳሳት ሆስፒታል ነው። ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1981 በጥይት ሲመቱ የተወሰዱት እዚያ ነው፤ ፍራንሲስም በ2025 ከአምስት ሳምንት በላይ ተኝተውበታል። በዚያው ሆስፒታል፣ በምስል እየተመሩ በመርፌ የሚያክሙት ሐኪም ሮቤርቶ ኢየዚና ባልደረቦቻቸው፣ ቀዶ ሕክምና የማይቻልላቸውን የቆሽት ካንሰርና ከአንጀት ወደ ጉበት የተዛመተ ካንሰር ሕመምተኞች በኤሌክትሮኬሞቴራፒ አክመው በ2023 ያገኙትን ጽፈዋል። የሕመምተኞቹ ቁጥር ጥቂት ነው። ዓላማውም ማዳን ሳይሆን ዕጢውን መግታትና ሥቃይን ማቅለል ነበር። ከኔፕልስ አካባቢ ደግሞ ሉቻኖ ታራንቲኖ በ2017 ከዚህም የሚከብደውን አሳይተዋል፤ ካንሰሩ በጉበት በር ላይ ወደ ራሱ ወደ ደም ሥሩ ውስጥ የገባባቸውን ሰዎች በቆዳ በኩል ማከም እንደሚቻል።

ከዚህ በታች ያለው ሥራው በቅርብ ሲታይ ነው። ሕመምተኛው ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትም ይጨመርለታል፤ አለበለዚያ በየምቱ ሰውነቱ ይዘላል፣ መርፌዎቹም ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን እየተመራ፣ ውፍረታቸው አንድ ሚሊ ሜትር ከምናምን የሆኑ ረጃጅም መርፌዎችን በዕጢው ዙሪያ አንድ በአንድ ይተክላል። ትይዩ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ካዘመመ ኤሌክትሪኩ በጠበበው በኩል ይበረታል፣ በሰፋው በኩል ይላላል፣ ዕጢው ጥግ ላይ ይተርፋል። ከሥራው ሁሉ ረጅሙና አድካሚው ይህ ነው። በየሁለቱ መርፌዎች መካከል ያለው ርቀት ይለካል፤ ቮልቱን ኮምፒዩተሩ ያሰላል።

ከዚያ ብሊዮማይሲኑ በደም ሥር ይሰጥና ስምንት ደቂቃ ይጠበቃል፤ መድኃኒቱ ዕጢው ጋ እስኪደርስ ነው። ቀጥሎ ያለው 20 ደቂቃ የሥራ ጊዜ ነው። ማሽኑ የልብን ምት ይከታተላል። የልብ ጡንቻ ተኮማትሮ ገና ሳያገግም ለሌላ ትእዛዝ የማይመልስበት ቅጽበት አለ፤ ማሽኑ ምቱን የሚለቀው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። አንድ ልብ ምት፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምት። አንዱ ጥንድ መርፌ ስምንቱን ሲጨርስ አሥር ሰከንድ አይሞላም፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥንድ። በአልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ በመርፌዎቹ ዙሪያ ነጫጭ ጥቃቅን አረፋዎች ብቅ ሲሉ ይታያሉ። ምቱ የዕጢውን ጥቃቅን የደም ሥሮችም ለጊዜው ያኮማትራል፤ መድኃኒቱ በደም ታጥቦ እንዳይወጣ ይህ ራሱ ይረዳል።

ጉድለቱም አለ። ብሊዮማይሲን ሳንባን ስለሚጎዳ የሳንባ ችግር ላለበት አይሆንም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ማሽን የተተከለለት ሰውም ጥንቃቄ ያሻዋል። ዕጢው በተለቀ ቁጥር የመርፌው ብዛትና የስሕተቱ ዕድል ያድጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሙቀትንና ይህን ዘዴ ፊት ለፊት አነጻጽሮ በብዙ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ገና አልተከማቸም። ስለዚህ ቦታው የተመቸ ዕጢ ያለበት ሰው አዲሱን ፍለጋ የቆየውን እንዲተው አልመክርም።

ድምፅ ሲያረግፍ

ማገሩን የሚተው ሌላም መንገድ አለ፤ መርፌ እንኳ የለውም። በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ኬይን፣ ዠን ሹና ባልደረቦቻቸው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሠሩበት ሂስቶትሪፕሲ የሚባለው ዘዴ ነው። በአልትራሳውንድ እጅግ አጭርና ብርቱ የድምፅ ምት ከውጭ ዕጢው ላይ ያነጣጥራል። በዚያ ነጥብ ላይ የአረፋ ደመና ይፈጠራል፣ ወዲያው ይፈርጣል፣ ሕዋሳቱን ይሰባብራል። ሕዋስ ለስላሳ ስለሆነ ይፈርሳል፤ በኮላጅን የጠነከረው የደም ሥርና የሐሞት ቱቦ ግን ይቋቋማል። በአሜሪካና በአውሮፓ በተደረገው ሙከራ 44 ሰዎች ታክመው ከተገመገሙት 44 ዕጢዎች በ42ቱ የታሰበው ቀጣና ፈርሷል፤ ከባድ ጉዳት የደረሰው በሦስት ሰዎች ላይ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በጥቅምት 2023 ለጉበት ፈቅዶታል። ድምፁን የጎድን አጥንትና አንጀት ውስጥ ያለ አየር ስለሚያግደው ሁሉም ዕጢ አይደረስበትም። ሮም ውስጥ በኡምቤርቶ ፕሪሞ ሆስፒታል የሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በተነጣጠረ ድምፅ ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰርን ሲያክሙ ቆይተዋል፤ ያኛው ግን ድምፁን የሚጠቀመው ለማሞቅ ነው፣ የባለፈው ምዕራፍ ቤተሰብ ነው።

በድምፅም በኤሌክትሪክም የተገደለ ዕጢ ፕሮቲኑ አልበሰለም። ሳይረጋ የተበተነውን ፕሮቲን የሰውነት መከላከያ አይቶ ካንሰሩን መለየት ይማር ይሆን የሚለው አሁን ብዙዎች የሚመራመሩበት ነው። ምዕራፍ 8ን ለእሱ ትተንለታል።

ለእኛ ሰው

በምዕራፍ 3 እንዳየነው በአገራችን የጉበት ካንሰርን ከሚያመጡት ዋነኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ክትባቱ ለሕፃናት በአምስቱ በአንድ መርፌ መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ፣ አዲስ አበባም ይኑር ሮም፣ በአብዛኛው አልተከተበም። ሮም የሚኖር ወገናችን ደሙን ለመመርመር ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ከተማዋ በ1936 የተከፈተው የላዛሮ ስፓላንዛኒ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም አላት። ቫይረሱ ያለበትና ጉበቱ ጠባሳ የያዘ ሰው በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ይታይ። እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ያለው ዘዴ ሁሉ የሚሠራው ዕጢው በትንሽነቱ ለተያዘለት ሰው ነው። ሆዱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ለሚመጣ ሰው መርፌውም ድምፁም የሚሠሩለት ነገር ጥቂት ነው። እኛ አገር ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚመጣው ያኔ ነው።

ለአገር ቤት ተስፋ የማደርግበት አንድ ሥራ ከዴንማርክ አለ። ዩሊ ጌልና ባልደረቦቻቸው በኮፐንሃገኑ ሄርሌቭ ሆስፒታል በብሊዮማይሲን ፈንታ ካልሲየም ሞክረዋል። ሽፋኑ ሲበሳ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋል። ሕዋሱ መልሶ ለማስወጣት ጉልበቱን ሁሉ ይጨርሳል፤ ጉልበቱ ሲያልቅ ይሞታል። በሰው ላይ እስካሁን የተፈተነው በዋነኛነት ቆዳ ላይ ባሉ ዕጢዎች ነው፤ በ2018 የወጣው ጥናት ከብሊዮማይሲን የሚተካከል ውጤት አሳይቷል። ካልሲየም ሳንባ አይጎዳም፤ ሲያዘጋጁትም እንደ ካንሰር መድኃኒት የተለየ ክፍልና ጓንት አይጠይቅም። በየሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የሚገኝ፣ በርካሽ የሚገዛ ብልቃጥ ነው። ዘዴው ጉበት ላይ ከሠራ የሚቀረው የሚገዛው ማሽንና የሚሰለጥነው ሰው ነው፤ ምቱን የሚሰጠው መሣሪያ፣ በአልትራሳውንድ መርፌ ማነጣጠር የሚችል ራዲዮሎጂስትና ሰመመን ሰጪ።